ፎቶው ምን አለ? እኛስ ምን አልነው?

“ፎቶግራፍ አይዋሽም” ይባላል። እሺ፣ ፎቶው አይዋሽ። ከፊቱ ቆመን የምንናገረው እኛስ? በዲፓርትመንታችን ኮሪደር ላይ በየዓመቱ የተማሪ ፎቶዎች ይሰቀላሉ። አብዛኞቹ ጥቁርና ነጭ ናቸው፤ አብዛኞቹ ጎዳና ላይ የተነሱ ናቸው፤ አብዛኞቹ ደግሞ የተነሳው ሰው ሳያውቅ የተነሱ ናቸው። ከሥራቸው አንድ ቃል ይጻፋል፦ “ስቃይ”፣ “ተስፋ”፣ “ብቸኝነት”፣ “እናት”። እኛም ወደ ክፍል እየተጣደፍን “ውይ ስታሳዝን!” ብለን እናልፋለን። በቃ። ሰውየው የት እንደነበረ፣ ምን ሲያደርግ እንደነበረ የሚጠይቅ የለም።

ዘንድሮ ግን ጠያቂ ተገኘ፣ ክርክርም ተነሳ። አንዳንድ ልጆች “ሰዎቹ ሳይፈቅዱ የተነሳ ፎቶ ሁሉ ከግድግዳ ይውረድ” አሉ። ሌሎቹ ደግሞ “ይሄ ጥበብ ነው፤ ፎቶ አንሺው ምንም የማብራራት ግዴታ የለበትም፤ ትርጉሙን የሚሰጠው ተመልካቹ ነው” ብለው ተከራከሩ። እኔ ከሁለቱም ጋር አልስማማም። ሰው ሳያውቅ የተነሳ የጎዳና ፎቶ መቅረት የለበትም እላለሁ። ከፊቱ ቆመን የምንሰጠው ትርጉም ግን ሥርዓት ያስፈልገዋል። ሥርዓቱም ከባድ አይደለም፤ ያየሁትን፣ የሆነውን እና የተሰማኝን ለያይቶ መናገር ነው። ይህን ለማስረዳት በዓለም ላይ በጣም ከታወቁት የጎዳና ፎቶዎች ጥቂቶቹን ላንሳ። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሌላ ካልተባለ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አንዲት ሴት በፍሎረንስ

በ1951 አሜሪካዊቷ ፎቶ አንሺ ሩት ኦርኪን ጣሊያን አገር፣ ፍሎረንስ ከተማ ነበረች። እዚያ ባረፈችበት ሆቴል ኒናሊ ክሬግ ከምትባል የ23 ዓመት አሜሪካዊት ጋር ተዋወቀች። ሁለቱም ብቻቸውን የሚጓዙ ሴቶች ነበሩ። ብቻዋን የምትጓዝ ሴት የሚያጋጥማትን በፎቶ እናሳይ ተባብለው ከተማውን አብረው መዞር ጀመሩ። በዚያን ቀን ከተነሱት ፎቶዎች አንዱ ዛሬ በየአገሩ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይገኛል። ረጅም ወጣት ሴት ሻርፗን ደረቷ ላይ ይዛ በእግረኛ መንገድ ታልፋለች። ግራና ቀኝ ወደ አሥራ አምስት የሚሆኑ ወንዶች ቆመው፣ ግድግዳ ተደግፈው፣ ሞተር ላይ ተቀምጠው ያይዋታል።

ይህን ፎቶ ክፍል ውስጥ ስናየው ከሴቶቹ አፍ የወጣው ቃል አንድ ነበር፦ ለከፋ! ከግቢ በር እስከ ታክሲ ተራ ያለችውን መንገድ የምታውቅ ልጅ ይህን ፎቶ ለማንበብ አስተማሪ አያስፈልጋትም። ቦርሳን ደረት ላይ አጥብቆ፣ እንዳልሰሙ ሆኖ፣ እርምጃን አፍጥኖ ማለፍ ምን ማለት እንደሆነ በእግራችን እናውቀዋለን። ከወንዶቹ አንዳንዶቹ ደግሞ “እንዴ፣ ዝም ብለው እያዩ እኮ ነው! ቆንጆ ሴት ስታልፍ ማየት ምን ችግር አለው?” አሉ። ክርክሩ ሰዓቱ እስኪያልቅ ቀጠለ።

ክሬግ ራሷ ግን በ2018 በ90 ዓመቷ እስክታርፍ ድረስ ደጋግማ የተናገረችው ከሴቶቹም የተለየ ነው። ፎቶው የመዋከብ ምልክት ሳይሆን ደስ ብሏት የምትጓዝ ሴት ምልክት ነው፤ አልፈራችም፣ አልተዋረደችም። ሌላም ነገር አለ። ኦርኪን ክሬግ በወንዶቹ መካከል ስታልፍ ካየች በኋላ ተመልሳ አንድ ጊዜ እንድታልፍ ጠይቃታለች። ሞተሩ ላይ የተቀመጠውንም ሰው ጓደኞቹ ወደ ካሜራው እንዳያዩ እንዲነግራቸው አድርጋለች። ስለዚህ “ሳይታወቅ የተነሳ” የምንለው ፎቶ በከፊል የታወቀ ነበር ማለት ነው። ወንዶቹን ማንም አላሰለፋቸውም፤ ሴቲቱ ግን መነሳቷን ታውቃለች። ደረቷ ላይ የያዘችው ሻርፕስ? ደማቅ ብርቱካንማ ነበር። እኛ የምናየው ግራጫ ነው።

ታዲያ እኛ ሴቶቹ ያነበብነው ከንቱ ነው? አይደለም። እንደኔ እንደኔ ነገሩ የሚፈታው ጥያቄውን ስንከፍለው ነው።

ሦስቱ ጥያቄዎች

አንደኛው ጥያቄ “ፎቶው ውስጥ ምን አለ?” የሚለው ነው። ሴት፣ ወንዶች፣ ሻርፕ፣ መንገድ፣ የዓይኖች አቅጣጫ። በዚህ ላይ ማንም ዓይን ያለው ሰው ይስማማል። ሁለተኛው “የዚያን ዕለት ምን ሆነ?” የሚለው ነው። ለዚህ ፎቶው ብቻውን መልስ የለውም። ፎቶው ከሰከንድ ሽራፊ በላይ አያውቅም፤ ከዚያ በፊትና በኋላ ያለውን የሚያውቁት ሰዎቹ ናቸው። እዚህ ላይ ክሬግን መስማት ግዴታ ነው፤ የራሷን ስሜት ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለማ! ሦስተኛው ደግሞ “ይህ ለእኔ ምን ይለኛል?” የሚለው ነው። እዚህ ላይ እኔ የራሴን መንገድ አስታውሼ “እኔ እዚህ ፎቶ ላይ ለከፋን አያለሁ” ብል ማንም ሊያርመኝ አይችልም። የምናገረው ስለ ፍሎረንስ ሳይሆን እኔ ስለምራመድበት መንገድ ነውና።

ችግሩ የሚመጣው ሦስተኛውን መልስ ለሁለተኛው ጥያቄ ስንሰጥ ነው። “እኔን ፍርሃት ተሰማኝ” የሚለው ሳናውቀው “ሴትዮዋ ፈርታለች” ይሆናል። ተቃራኒውም ያው ነው። “ክሬግ ደስ ብሏት ነበር፤ ስለዚህ እናንተ ሴቶች ዝም በሉ” የሚል ወንድ የአንዲትን ሴት የአንድ ቀን ስሜት ወስዶ የሌሎችን ሴቶች የየቀን ኑሮ ሊሰርዝበት ይሞክራል። ሁለቱም ትርጉም አይደሉም፤ በሰው አፍ መናገር ናቸው።

የጥቁርና ነጩ ድርሻ

አሁን ወደ ቀለሙ ልምጣ፤ ወይም ወደ ቀለም ማጣቱ። የጎዳና ፎቶግራፍ ጥቁርና ነጭ የሆነው መጀመሪያ ለውበት ተብሎ አልነበረም። ላይካ የተባለችው ትንሽ ካሜራ በ1925 ለገበያ ስትቀርብ ኪስ ውስጥ የምትገባ፣ ባለ 36 ፎቶ ፊልም የምትጎርስ መሣሪያ ሆና ነው የመጣችው። በ1954 ደግሞ ኮዳክ ትራይ ኤክስ የተባለውን ፈጣን ጥቁርና ነጭ ፊልም ለእነዚህ ትንንሽ ካሜራዎች አወጣ፤ ደብዘዝ ባለ ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ ማንሳት ተቻለ። ጥቁርና ነጭ ፊልም ርካሽ ነበር፤ ቤት ውስጥ በጨለማ ክፍል ይታጠባል፤ ጋዜጦችም የሚያትሙት እሱን ነው። ባለቀለም ፎቶ የማስታወቂያና የቤተሰብ አልበም ተደርጎ ይናቅ ነበር። በ1976 የኒውዮርኩ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም የዊልያም ኤግልስተንን ባለቀለም ፎቶዎች ሲያሳይ ብዙ ተቺዎች ያጣጣሉት በዚህ ምክንያት ነው።

ዛሬስ? ዛሬ ስልካችን ሁሉንም በቀለም ነው የሚያነሳው። ጥቁርና ነጭ የሚሆነው እኛ ከፈለግን ነው፤ አንድ ጊዜ ጫን ማድረግ ነው። ስለዚህ ድሮ የግድ የነበረው ዛሬ ምርጫ ሆኗል። ምርጫ ከሆነ ደግሞ “ለምን?” ተብሎ ይጠየቃል። እኛ ጋ የምሰማው መልስ አብዛኛውን ጊዜ “ስሜት ይሰጠዋል” የሚል ነው። ምን ዓይነት ስሜት? ብላችሁ ብትገፉ መልሱ አንድ ነው፦ ሐዘን።

ጥቁርና ነጭ ፎቶ የሚመዘግበው ቀለምን ሳይሆን የብርሃንን መጠን ነው። እኩል ብርሃን የሚመልሱ ቀይና አረንጓዴ ጨርቆች አንድ ዓይነት ግራጫ ይሆናሉ። ፎቶ አንሺው ሌንሱ ላይ ቀይ ማጣሪያ ካደረገበት ሰማያዊው ሰማይ ሊጠቁር ይደርሳል፤ የጠራ ቀን ዝናብ ያዘለ ይመስላል። ይህ የዓለም ሁሉ ነገር ነው። እኛ አገር ሲመጣ ግን ተጨማሪ ጣጣ አለው። እኛ ልብስን ማንበብ እናውቅበታለን። ነጠላ እንዴት እንደተለበሰ አይተን ሰውየው ከቤተ ክርስቲያን ይምጣ ከለቅሶ እንለያለን። ነጠላዋን ያዘቀዘቀች ሴት ስናይ ድምፃችንን ዝቅ እናደርጋለን። ጥቁር የለበሰች ስናይ “ማን ሞቶባት ይሆን?” እንላለን። አሁን ጥቁር ሰማያዊ ወይም ጥቁር አረንጓዴ ቀሚስ የለበሰችን ሴት በጥቁርና ነጭ አንሷት። ቀሚሱ ጥቁር ይሆናል፣ የጥለቱ ቀለም ይጠፋል። ሴትዮዋ ማንም ሳይሞትባት ሐዘንተኛ ሆና ግድግዳ ላይ ትሰቀላለች። የውጭ አገር ተመልካች ይህን ስህተት ላይሠራ ይችላል፤ ልብሳችንን ማንበብ ስለማያውቅ። እኛ ግን በማወቃችን እንሳሳታለን።

እጅን ጉንጭ ላይ ማድረግም እንዲሁ ነው። “እጅሽን ከጉንጭሽ አንሺ!” ሳይባል ያደገ ማን አለ? ለእኛ ይህ አቀማመጥ ሐዘን ነው፣ የሟርት ያህል ነው። አንድ የክፍላችን ልጅ ግንብ ተደግፈው፣ እጃቸውን ጉንጫቸው ላይ አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው የተቀመጡ አንዲት እናትን ከመንገድ ማዶ አንስቶ ነበር። ፎቶው ጥሩ ነው፤ መስመሩ፣ ጥላው፣ ሁሉ ነገሩ። ርዕሱን “ብቸኝነት” አለው። ያየ ሁሉ ታሪክ ጨመረበት፤ ባል የሞተባቸው፣ ልጅ ዓረብ አገር የሄደባቸው፣ ጧሪ ያጡ ሆኑ። ልጁ እትም ይዞ ሄዶ ሰጣቸው። “እማማ፣ ያኔ ምን እያሰቡ ነበር?” ቢላቸው ሳቁበት። “ፀሐይ እየሞቅኩ ነበር ልጄ። ደግሞ ምን ሆነች አላችሁ?” አሉት።

እንግዲህ የጠዋት ፀሐይ ማለት ቀለም ነው፤ ቢጫ ነው፣ ግንቡ ላይ ያለው ሙቀት ነው። ፎቶው ጥቁርና ነጭ ሲሆን መጀመሪያ የጠፋው እሱ ነው። ልጁ ምስጋና ይገባዋል፤ ከሁላችንም ይልቅ እሱ ሄዶ ጠየቀ። እኔን ያሳሰበኝ የእኛ የተመልካቾቹ ነገር ነው። የሴትዮዋን ደህንነት ከመስማት ይልቅ ሐዘናቸውን መፍጠር ቀለለን።

ከፎቶው ጠርዝ ውጪ ያለው

“ታዲያ ዝም ብለን ያየነውን ብቻ እንቁጠር? ትርጉም የሚባል ነገር ይቅር?” የሚል ይኖራል። አይቅር። እንዲያውም እውቀት ሲጨመርበት ትርጉሙ ይጠነክራል። ለዚህ የሮበርት ፍራንክን ያህል ጥሩ ማስረጃ አላውቅም።

ፍራንክ ስዊዘርላንድ ተወልዶ አሜሪካ የገባ ፎቶ አንሺ ነው። በ1955 እና በ1956 በጉገንሃይም ፋውንዴሽን ድጋፍ በአሮጌ መኪና አሜሪካን እየዞረ ከ27,000 በላይ ፎቶ አነሳ። ከእነዚህ ውስጥ 83ቱን ብቻ መርጦ “አሜሪካውያን” የሚለውን መጽሐፍ ሠራ፤ በ1958 ፓሪስ፣ በ1959 ኒውዮርክ ታተመ። ጉዞው ላይ አርካንሳስ ውስጥ ፖሊስ ተጠራጥሮት ለሰዓታት አስሮ መርምሮታል። ካሜራ የያዘ፣ አነጋገሩ የውጭ ሰው የሚመስል፣ መኪናው አሮጌ! ፖሊሱም በራሱ መንገድ ተመልካች ነበርና ያየውን ተረጎመ ማለት ነው።

በ1955 በኒው ኦርሊንስ ያነሳው የከተማ ባቡር ፎቶ የመጽሐፉ የኒውዮርክ እትም ሽፋን ላይ ወጣ። አምስት መስኮቶች በተርታ ናቸው። ከፊት ነጮች፣ መሐል ላይ ልጆች፣ ከኋላ ጥቁሮች። ወደ ኋላ ያለ አንድ ጥቁር ሰውዬ ክንዱን መስኮቱ ላይ አድርጎ ቀጥታ ወደ እኛ ያያል። ይህን ፎቶ ምንም ለማያውቅ ሰው አሳዩት፤ “መንገደኞች ናቸው” ይላል፤ ልክ ነው። በዚያን ጊዜ በዚያ ከተማ ሕጉ ነጮችን ከፊት ጥቁሮችን ከኋላ እንደሚያስቀምጥ ንገሩት። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ሮዛ ፓርክስ በሞንትጎመሪ አውቶቡስ ውስጥ ከመቀመጫዬ አልነሳም ብላ እንደታሰረች ጨምሩለት። ከዚያ በኋላ የመስኮቶቹ ፍሬሞች ሌላ ነገር ይሆኑበታል። ፎቶው አልተለወጠም፤ ተመልካቹ ነው ያወቀው። ይህ ትርጉም ከራስ ሆድ የወጣ አይደለም፤ ሄዶ ሊረጋገጥ ይችላል። እኔ “ተስፋ” ከሚል አንድ ቃል ይልቅ “ኒው ኦርሊንስ፣ 1955” የሚለው ይበልጥብኛል የምለው ለዚህ ነው። ፍራንክም የጻፈው ይህንኑ ያህል ነው፤ ምን እንደሆነና የት እንደሆነ።

እውቀት ግን ሁልጊዜ ትርጉምን አያጠናክርም፤ አንዳንዴ ያናጋል። ሮበርት ዷኖ በ1950 በፓሪስ ማዘጋጃ ቤት ፊት ለፊት ያነሳውን የሚሳሳሙ ጥንዶች ፎቶ የማያውቅ ያለ አይመስለኝም፤ ቢያንስ ካፌ ግድግዳ ላይ አይቶታል። ለአርባ ዓመት ዓለም ሁሉ በአጋጣሚ የተያዘ ፍቅር ነው ብሎ ሲያየው ኖረ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ አንድ ባልና ሚስት “ፎቶው ላይ ያለነው እኛ ነን” ብለው ፍርድ ቤት ሲሄዱ ዷኖ እውነቱን ለመናገር ተገደደ። ጥንዶቹ የትወና ተማሪዎች ነበሩ፤ እሱ ነው ለፎቶው ያዘጋጃቸው። ክሱ ወደቀ፤ ግን የብዙ ሰው ልብም አብሮ ወደቀ። የሚገርመው ሁለቱ ወጣቶች በዚያን ጊዜ እውነተኛ ፍቅረኛሞች ነበሩ። ስለዚህ መሳሳሙ እውነት ነው፣ አጋጣሚው ግን አይደለም። የተመልካቹ ሐዘን ከየት መጣ? ፎቶው “በአጋጣሚ ተነሳሁ” ብሎ አያውቅም፤ እኛ ነን ያልነው። በሌላ በኩል ዷኖም ሲባል እየሰማ ለረጅም ጊዜ ዝም ብሏል። ያልተጻፈ መግለጫም አንዳንዴ ውሸት ይሆናል።

የርዕስ ጉልበት ምን ያህል እንደሆነ ደግሞ ከሄንሪ ካርቲየ ብሬሶን መጽሐፍ እንማር። በ1952 የወጣው ይህ መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ርዕሱ “ወሳኟ ቅጽበት” የሚል ነው። ትልቅ ቃል ነው፤ ስትሰሙት ፎቶ አንሺው እንደ አልሞ ተኳሽ ሆኖ ይታያችኋል። የፈረንሳይኛው ርዕስ ግን ሌላ ነው፤ ፈቃድ ሳይኖራቸው መንገድ ላይ እቃቸውን ዘርግተው፣ ተቆጣጣሪ ሲመጣ ሰብስበው ለሚሮጡ ነጋዴዎች ከሚነገር አባባል የተወሰደ ነው። እኛ ደንብ አስከባሪ ሲመጣ ሸራውን በአራት ማዕዘኑ ይዞ የሚሮጠውን ልጅ እናውቀዋለን፤ እሱ ነው እንግዲህ። አንድ መጽሐፍ፣ አንድ ዓይነት ፎቶዎች፤ በአንዱ ርዕስ ጌታ፣ በሌላው ሯጭ።

“ትርጉም የተመልካች ነው” ለሚሉት

ይህን የሚሉ ጓደኞቼ ጥሩ ጠበቃ አላቸው። በ1984 ያረፈው የኒውዮርኩ ጋሪ ዊኖግራንድ ፎቶ በራሱ ታሪክ መተረክ አይችልም፤ ነገሮች በብርሃን ምን እንደሚመስሉ ብቻ ነው የሚያሳየው የሚል አቋም ነበረው። ሲሞት ወደ 2,500 የሚጠጋ ያልታጠበ ፊልም ትቶ ነው የሄደው፤ የማንሳቱን ያህል ማብራራቱ አያስጨንቀውም ነበር። እኔም በዚህ እስማማለሁ፤ ፎቶ አይተርክም። ግን ከዚህ የሚከተለው “እንግዲያው የፈለግኩትን ልተርክበት” የሚለው ነው እንዴ? እኔ እንደሚገባኝ የሚከተለው ተቃራኒው ነው። ፎቶው ካልተረከ፣ የተረከው እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ትረካው በእኔ ስም ይመዝገብ። “ይህች ሴት ተስፋ ቆርጣለች” ከማለት “እኔን ተስፋ መቁረጥን አስታወሰችኝ” ማለት የቃል ለውጥ ብቻ አይደለም። በሁለተኛው ላይ ሴትዮዋ ነፃ ናት።

ደግሞ ልብ በሉ፤ በኮሪደራችን ላይ የማን ፎቶ ነው ያለው? የሊስትሮ ልጅ፣ ቆሎ ሻጭ፣ ተሸካሚ፣ የኔ ቢጤ። የአስተማሪ፣ የነጋዴ፣ የእኛ የተማሪዎቹ ፎቶ ሳይታወቅ ተነስቶ “ባዶነት” ተብሎ ተሰቅሎ አይቼ አላውቅም። ለምን? እኛ መጥተን “ይውረድልን” ማለት ስለምንችል ነው። ሊስትሮው ኮሪደራችን ውስጥ ስለማይገባ ትርጉሙ ሁሉ ለተመልካቹ ተሰጠ። መብት ሳይሆን አቅም ነው የከፋፈለን።

“ይከልከል” ለሚሉት

ለእነዚህም ክብር አለኝ፤ ሐሳባቸው ከሕግም ጋር ይሄዳል። በ1952 ዓ.ም. (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 27 የሰው ፎቶግራፍ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በሕዝብ ፊት እንዳይቀርብ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል። ቀጥሎ ያለው አንቀጽ 28 ግን ልዩ ሁኔታዎችን ያስቀምጣል፤ ለሳይንስ፣ ለባህልና ለትምህርት ጥቅም ሲባል፣ ወይም በአደባባይ ከተፈጸሙ ጉዳዮች ጋር በተያያዘ ፈቃድ ላያስፈልግ ይችላል። በሌላው ዓለምም እንዲሁ ተከራክረውበታል። በኒውዮርክ ታይምስ አደባባይ ሳያውቅ የተነሳ አንድ ሰው በሃይማኖቴ ምክንያት ፎቶዬ ሊታይ አይገባም ብሎ ፊሊፕ ሎርካ ዲኮርሲያን ከሶ ነበር፤ በ2006 ፍርድ ቤቱ ፎቶው ጥበብ ነው ብሎ ክሱን ውድቅ አደረገ። ፈረንሳይ ደግሞ የግል ሕይወት መከበርን በ1970 በፍትሐ ብሔር ሕጓ አንቀጽ 9 ላይ አስገብታለች፤ የሰው ምስል መብትም በፍርድ ቤቶቿ ጠንክሮ ይጠበቃል።

ሕጉ እንዲህ በር ከፍቶ ከተወልን ውሳኔው የእኛ ነው ማለት ነው። እኔ አይከልከል የምለው በአንድ ምክንያት ነው። ጎዳናው ራሱ አይጠብቀንም። በ2024 ፒያሳ አካባቢ ስንቱ አሮጌ ሰፈር በኮሪደር ልማት እንደፈረሰ ያየነው ነው። አሁን ደጃፉን፣ ደረጃውን፣ በረንዳው ላይ ቆሞ የሚያወራውን ሰው ማየት የምንችለው ማንም “ተስተካከሉ” ሳይላቸው በተነሱ ፎቶዎች ነው። ሰው ፈቃድ ተጠይቆ ሲቆም ስቱዲዮ የቆመ ይመስላል፤ ፊቱ ይጠነክራል፣ እጁ የሚያርፍበት ይጠፋዋል። የአንድን ከተማ የዘወትር ኑሮ በተሰለፈ ሰው ብቻ ማስቀረት አይቻልም። ዎከር ኢቫንስ ከ1938 እስከ 1941 በኒውዮርክ የምድር ውስጥ ባቡር ካሜራውን ኮቱ ውስጥ ደብቆ ተሳፋሪዎችን ያነሳው ለዚሁ ነው። ካነሳ በኋላ ግን ፎቶዎቹን በመጽሐፍ ያወጣቸው በ1966 ነው፤ ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ ማለት ነው። ማንሳትና ማሳየት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም።

ምን ይደረግ?

ትችት ብቻ ጽፎ መሄድ ቀላል ስለሆነ፣ ለዲፓርትመንታችን አራት ነገር ላቅርብ።

አንደኛ፣ ከፎቶው ሥር ያለው አንድ ቃል ይቅር። በምትኩ ቦታ፣ ቀን፣ እና ፎቶ አንሺው በእርግጥ የሚያውቀው አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ። ሰውየውን አነጋግሮት ከሆነ “አነጋግሬዋለሁ”፣ ካልሆነ “አላነጋገርኩትም” ይበል። ይህ ያለ ምንም ወጪ ነገ ሊጀመር ይችላል።

ሁለተኛ፣ ማነጋገር የሚቻል ከሆነ ከተነሳ በኋላ ይነጋገር። “ከጠየቅኩማ ሳያውቅ የተነሳ መሆኑ ይቀራል” የሚለውን ሰበብ አልቀበልም። ከተነሳ በኋላ መጠየቅ የተነሳውን አይለውጥም። “አይ፣ አልፈልግም” ያለ ሰው ፎቶው ግድግዳ ላይ አይውጣ። ከግድግዳው የሚጎድለው አንድ ፎቶ ነው፤ እንችለዋለን።

ሦስተኛ፣ ጥቁርና ነጭ ያደረገ ሰው ባለቀለሙን ያስቀምጥ፤ ሲጠየቅም ያሳይ። “ለምን ቀለሙን አወጣኸው?” ሲባል “ቅርጹና ጥላው ጎልቶ እንዲታይ” ቢል ጥሩ መልስ ነው። “እንዲያሳዝን” ካለ ግን ያ ሐዘን የሰውየው ሳይሆን የማጣሪያው ነው።

አራተኛ፣ ክፍል ውስጥ ፎቶ ስንገመግም የመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ለሚታየው ብቻ ይሁኑ። “ያሳዝናል”፣ “ያስደስታል” ክልክል። እጁ የት ነው? ብርሃኑ ከየት ነው? ማን ወዴት ያያል? ከዚያ በኋላ ሁሉም የተሰማውን “እኔ” እያለ ይናገር። መምህራኖቻችን ይህን ቢያስጀምሩን ለሰዓቱም አይበዛም።

ይህ ሁሉ ለፎቶ ብቻ አይደለም። ነገ ተመርቀን ዘገባ የምንጽፈው፣ ዶክመንተሪ የምንሠራው፣ ለድርጅቶች ፎቶ የምናነሳው እኛ ነን። ያኔ ከሥዕሉ ሥር የምንጽፋት አንዲት ቃል ለአንድ ቤተሰብ እርዳታ ልታመጣ ትችላለች፤ አንድን ጎልማሳ በሰፈሩ ልታዋርደውም ትችላለች። በኮሪደር ያለመድነውን ጥንቃቄ በሥራ ላይ አናገኘውም።

የእኔ ሐሳብ ይኸው ነው። ክርክሩ ያላለቀ መሆኑን አውቃለሁ፤ በተለይ “ትርጉም የተመልካች ነው” የምትሉ ልጆች ብዙ የምትሉት እንዳላችሁ ይገባኛል። በሚቀጥለው እትም ጻፉት፤ እናንብበው።